ከኋላ ያለው መቀርቀሪያ

ሊንግሰይደት፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2017

ለተከበሩ ለጋሼ ኦቶሪኖ ፖዞቦን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎና እትዬ ብሩና ብርዱን እንዴት እያለፋችሁት ነው? ወይኑም፣ ዶሮዎቹም፣ የእትዬ ብሩና ጉልበትም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ኢንግቫር በሕይወት አለን፤ አምላክ ይመስገን። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ግን ፋብሪካው ጆሮዎን ካደከመው ወዲህ በስልክ መጯጯህ እንደሚያሰለችዎ ስለማውቅ ወረቀት መረጥኩ።

ከአባቴ ቀብር ወዲህ ሳልጽፍልዎ ስድስት ዓመት አለፈ። ስጽፍ ደግሞ ጥያቄ ይዤ መምጣቴ ያሳፍራል። ቢሆንም የበረዶ ሸርተቴ ቦት ጫማን ነገር ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩትና ሲፈትሹት ኖረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተረከዙ በላይ፣ ከቦት ጫማው ኋላ ያለው መቀርቀሪያ አለ አይደል? ሽቅብ ስንወጣ ቁርጭምጭሚታችን እንዲተጣጠፍ የምንከፍተው፣ ቁልቁል ስንሸራተት ደግሞ እግራችንን ወጥሮ እንዲይዝ የምንዘጋው። እሱ ከተዘጋ በኋላ፣ ሰው እየወረደ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ሊከፈት ይችላል? የማውቀው ሰው ላይ ደርሶ ነው። እዚህ ኖርዌይ ሸርተቴ የሚጠግነውን ሰውዬ ብጠይቀው ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አጭር መልስ ይበቃኛል። ይችላል ወይም አይችልም ቢሉኝ ይበቃኛል። ቶሎ ቢጽፉልኝ ደግሞ ውለታዎን አልረሳም።

ለእትዬ ብሩና እጅ ነሥቻለሁ።

የአጎትዎ የልጅ ልጅ፣
ኦርኔላ


ካኤራኖ፣ ማርች 24 ቀን 2017

ለልጄ ለኦርኔላ፣

የእኔም የብሩናም ሰላምታ እደጃፍሽ ድረስ ይድረስ። እመቤታችን አንቺንም ባልሽንም ከክፉ ትጠብቃችሁ። ደብዳቤሽ በአምስተኛው ቀን ደርሶኛል፤ መልሱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወይኑን መግረዝ ነበረብኝ። ከዚያ ብሩና በጉንፋን ተኛች። እሷ ስትነሳ እኔ ተኛሁ። ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ አሁን አንድ ሥራ ሠርቼ ለሁለት ቀን ነው የማርፈው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መቀርቀሪያው በራሱ አይከፈትም። በራሱ ተከፈተ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውኑ በደንብ አልዘጋውም። ሰው ሽቅብ ሲወጣ መንጠቆው የሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ በረዶ ይጠቀጠቃል። በእግሩ ሙቀት ይቀልጣል፤ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ ይደነድናል። ያኔ እጀታውን ወደ ታች ሲገፋው "ቀጭ" ይላል፤ ሰውየውም ቆለፍኩ ብሎ ያምናል። መንጠቆው የያዘው ግን ብረቱን ሳይሆን በረዶውን ነው። የመጀመሪያው ኃይለኛ ጉልበት ሲያርፍበት በረዶው ይሰበርና እጀታው ይፈናጠራል። ለዚህ ነው መመሪያው ላይ "ከመዝጋትዎ በፊት በረዶውን በሚገባ ይጥረጉ" ተብሎ የተጻፈው።

እንግዲህ የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። የደከመው ሰው ይረሳል፤ ከኋላ ያለ ነገር ደግሞ ለዓይን አይታይም። አንቺ በዚህ ነገር ራስሽን አታድክሚ።

የማን ሥሪት እንደሆነና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸሽም ግድ የለም።

እዚህ ወይን ጠጁ ዘንድሮ ቀጠን ብሏል። ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አጎትሽ ኦቶሪኖ


ሊንግሰይደት፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2017

ለተከበሩ ለጋሼ ኦቶሪኖ፣

እንኳን ሁለታችሁም ከጉንፋኑ ተነሣችሁ። ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። ግልጽ ነው።

"የማውቀው ሰው" ያልኩዎ የኢንግቫር ታናሽ ወንድም ኦድሙንድ ነው። ከእኛው ጋር፣ ፎቁ ላይ ነው የሚኖረው። ስሙን ያልጻፍኩት ልደብቅዎ ብዬ አይደለም፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን እንደ ወትሮዬ በተራራ መሪነቴ ከትሮምሶ ከተማ የመጡ ሁለት እንግዶች ይዤ ተራራ ወጣሁ። ኦድሙንድ አሣ ማጥመድ በሌለበት ቀን ከኋላ ሆኖ ሰልፉን ይዘጋልኛል። ጫፍ ላይ ኃይለኛ ንፋስ ነበር። የእንግዶቹን መቀርቀሪያ ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አየሁ። ኦድሙንድን ግን ባፌ ብቻ ጠየቅኩት።

"ቆለፍክ?"

"ቆልፌያለሁ፣ ነይ እንውረድ፤ ፊቴ ደረቀ" አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የወጣ ሰው ነው። እግሩ ሥር አጎንብሼ ጫማውን መፈተሽ ነውር መሰለኝ።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቀኝ እግሩ ከዳው። ስልሳ ሜትር ያህል ተንከባሎ ድንጋይ ላይ አረፈ። ዳሌውና ጉልበቱ ተሰበረ። ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እየደጋገመ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ እኮ" ይላል።

የተራራ መሪዎች ማኅበሩ የሁሉንም ዕቃ አረጋግጠሽ ነበር ወይ ብሎ በጽሑፍ ጠይቆኝ መልስ ሳልሰጥ ቆይቼ ነበር። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ መልሱ ተገኘ። የጥንቃቄ ጉዳይ ነው ብለዋል፤ ጥንቃቄው ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። የመሪነት ፈቃዴን መልሻለሁ። ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ ወደቡ ላይ አሣ መክተፊያው ገብቻለሁ።

ጫማው ሰማያዊ ነው። የእርስዎ ፋብሪካ ሥሪት ነው፤ ምላሱ ውስጥ 2012 ይላል። ኢንግቫር መቀርቀሪያውን ፈትቶ "ላኪላቸው፤ አይተው ይፍረዱ" ስላለኝ በጥቅል ልኬዋለሁ። እኔ ብሆን አልልከውም ነበር።

አክባሪዎ ኦርኔላ


ሊንግሰይደት፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2017

ለተከበሩ ለጋሼ ኦቶሪኖ፣

እንደምን ከረሙ? ፋሲካውን በሰላም ዋላችሁ? ጥቅሉ ኤፕሪል 10 ቀን ተፈርሞ መወሰዱን ፖስታ ቤቱ ነግሮኛል። ስለዚህ መንገድ ላይ ጠፋ ብዬ ራሴን ማጽናናት አልቻልኩም።

ኦድሙንድ ከሆስፒታል ወጥቷል። ፎቅ መውጣት ስለማይችል አልጋውን ወጥ ቤቱ አጠገብ ዘረጋንለት። የማጥመጃ ጀልባውን ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ሁለቴ መጥቶ አይቷል። ሰውየው ሞተሩን ሲያስነሣ ኦድሙንድ ከመስኮቱ ሆኖ ያዳምጣል። "ቀስ ብሎ ጋዝ ይስጠው እንጂ፣ ገና አልሞቀም እኮ" ይላል ለራሱ። እኔ ድንች እልጣለሁ። ኢንግቫር ጋዜጣ ይገልጣል።

በዚህ ቤት ውስጥ እስካሁን የወቀሰኝ የለም። የከበደኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ኢንግቫር ሳህን ቢሰብርብኝ፣ ኦድሙንድ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ። ኦድሙንድ ግን ሻይ ስሰጠው "አመሰግናለሁ" ይለኛል፤ ዓይኔን ግን አያየኝም።

ስለ መቀርቀሪያው አሁን አልጠይቅዎትም። አመመዎት እንዴ? እሱን ብቻ ይጻፉልኝ። የምጽፈው የለኝም የሚሉ ከሆነም ያንኑ ይጻፉልኝ።

ኦርኔላ


ካኤራኖ፣ ሜይ 15 ቀን 2017

ልጄ ኦርኔላ፣

አምላክ ቤታችሁን አይርሳ፤ የኦድሙንድንም አጥንት ይጠግንለት። አላመመኝም። ጥቅልሽን የከፈትኩት በመጣበት ዕለት ነው።

ካቻቢቴና ማጉያ መነጽር ይዤ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። መነጽሩ ትርፍ ነበር። መንጠቆው ሹል ጠርዝ ሊኖረው ሲገባ ያለቀ ሳሙና መስሏል። በጣቴ ስዳስሰው አውቄዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ሳነብም አውቄዋለሁ። ማርች ላይ የጻፍኩልሽ ሐሰት አይደለም፤ በረዶ እንደዚያ ያደርጋል። ሌላ እውነት ለመሸሸግ የጻፍኩት እውነት ነው እንጂ።

ኦክቶበር 2011 ነው። ገዢው ቀላል ጫማ ይፈልጋል ተባለና ከአረብ ብረት ይሠራ የነበረው መንጠቆ በአሉሚኒየም ተቀየረ። በአንድ ጫማ አሥራ ሁለት ግራም ተቀነሰ። እኔ ያኔ ፍተሻ ክፍል ነበርኩ። ጫማውን መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ እናስረዋለን፤ ማሽኑ የሰው እግር እንደሚያደርገው ሠላሳ ሺህ ጊዜ ወደ ፊት ያጎነብሰዋል። የድሮው መንጠቆ ሠላሳ ሺውን ጨርሶ ምንም አይሆንም ነበር። ከአዲሶቹ ስምንት ጫማዎች ሁለቱ ሃያ ሺህ ሳይሞሉ ተከፈቱ። ክፍሉ ውስጥ በረዶ አልነበረም፣ ኦርኔላ። ሸሚዛችንን አውልቀን ነበር የምንሠራው።

ሪፖርት ጻፍኩ። በማግስቱ ካቦዬ ሴቬሪኖ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"ኦቶሪኖ፣ ይሄ ማሽን ከሰው በላይ ነው የሚያጎነብሰው።"

"ትንሽ ይበልጣል፤ እንዲበልጥ ተብሎ ነው የተሠራው" አልኩት።

"እንግዲያው ኃይሉን ቀንስና ድገመው።"

ቀንሼ ደገምኩት። አልተከፈተም። ፈረምኩ። ማንም አልጮኸብኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ጡረታ ልወጣ አሥራ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

ስለዚህ ይህን እወቂ። ኦድሙንድ ቆልፏል። አንቺም ጎንበስ ብለሽ ብታዪው ኖሮ ተቆልፎ ነበር የምታገኚው። አንዴ ከተዘጋ በዓይንም በእጅም የማይታወቅ ነገር ነው፤ እግር ኃይሉን እስኪጥልበት ድረስ ይይዛል። ይህን ማርች ላይ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አንቺ ፈቃድሽን ስትመልሺ እኔ ወይን እኮተኩት ነበር።

ምን እንዳደርግ እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ። የምትዪኝን አደርጋለሁ።

ኦቶሪኖ

እኔ ብሩና ነኝ። እዚህችው ጥግ ላይ ልጻፍ። ጥቅሉን ከዶሮ መኖ በርሜል ውስጥ ነው ያገኘሁት። ምንድን ነው ይሄ ስለው "የወፍጮ ዕቃ ነው" አለኝ። ወፍጮ የለንም። አንተ ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ አልኩት። ምግብ ትቶ ከስቷል። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚለት አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው። ዛሬ ከፖለንታው ገንፎ ትንሽ ቀመሰ።


ሊንግሰይደት፣ ጁን 4 ቀን 2017

ለጋሼ ኦቶሪኖ፣

ለእትዬ ብሩና ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ለእርስዎ በምን ቃል ሰላም እንደምል ሳስብ ነው እስካሁን የቆየሁት።

ደብዳቤዎን ምሳ ላይ፣ ሦስታችንም ባለንበት፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ ኖርዌይኛ እየመለስኩ አነበብኩት። ኢንግቫር ተነሥቶ ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ጋ ቆመ። ኦድሙንድ ሹካውን አስቀመጠ።

"ያለቀ ምን ነው ያሉት?"

"ያለቀ ሳሙና።"

"ልክ ናቸው" አለ። "ልክ እንደዛ ነበር።"

"አንተ እንዴት አወቅክ?"

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። ኢንግቫር ዞር ብሎ "ኦድሙንድ፣ እንዴት አወቅክ ተብለሃል እኮ" አለው።

"ከዚያ በፊትም ተከፍቶብኛል። ኖቬምበር ላይ አንዴ፣ ጃንዋሪ ላይ አንዴ። ሁለቱም ጊዜ ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ አልወደቅኩም። ቤት ገብቼ በጣቴ ዳሰስኩት። የበረዶ ነገር አልነበረም።"

"እና ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ብነግርሽ በዚህ ጫማማ አትወጣም ትዪኝ ነበር።"

"እላለሁ እንጂ!"

"እሱን ነዋ። በሳምንት አንድ ቀን ነው ከአሣ ሽታ የምወጣው። ትተሽኝ እንዳትሄጂ ፈራሁ።"

"ከወደቅክ በኋላስ? አራት ወር ሙሉ?"

"መጀመሪያ ሕመሙ ነበር። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ አንቺ ፈቃድሽን መልሰሽ መጣሽ። ያኔማ ምን ብዬ ላውራ? በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ አንቺ ደግሞ በየቀኑ ሻይ ታመጪልኛለሽ።"

ኢንግቫር መጥቶ ተቀመጠ። "እኔ ደግሞ ሁለታችሁም የምትጣሉብኝ መስሎኝ ጋዜጣ ስገልጥ ከረምኩ" አለ። "ስፖርት ገጹን እንኳን አንድ ቀን አላነበብኩትም።"

ተናደድኩ፣ ጋሼ። ወደ ወደብ ወርጄ አሣ ማድረቂያው እንጨት ሥር ተቀመጥኩ። በማን እንደተናደድኩ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም፤ በኦድሙንድ ነው፣ በእርስዎ ነው፣ በራሴ ነው? ሲደክመኝ ተመልሼ ገባሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ማርች ላይ የጻፉልኝን ደብዳቤ ለማኅበሩ ተርጉሜ ከራሴ መልስ ጋር አያይዤ ልኬው ነበር። "ባለሙያ ዘመዴ እንዲህ ይላል" ብዬ። በራሴ ላይ ምስክር አድርጌ የቆጠርኩት እርስዎን ነው። አሁን ምን እንዳደርግ ብለው ጠይቀውኛል። ለእኔ የጻፉትን ለፋብሪካው ይጻፉት፤ ሙሉ ስምዎን አስፍረው ይፈርሙበት፤ ግልባጩን ለማኅበሩ ይላኩ። ኦድሙንድም የሚለው ይህንኑ ነው። "ያ ጫማ ሌላ ሰው እግር ላይ አለ" ይላል። ይቅርታ የሚለውን ቃል እኔ አሁን አልጽፍም።

ኦርኔላ


ካኤራኖ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2017

ልጄ ኦርኔላ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለኢንግቫር፤ ለኦድሙንድ ደግሞ ጤና። ግልባጩ ጁን ላይ ደርሷችኋል። ከዚያ ወዲህ ያልጻፍኩት ወሬ ብቻ ይዤ መምጣት ስላልፈለግኩ ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም፤ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ብሩና የእሑድ ኮቴን አውጥታ ካለበሰችኝ በኋላ "ቀብር የምትሄድ አታስመስለው፣ ቀና በል" አለችኝ። ፍተሻ ክፍሉን አሁን የምትመራው አንዲት ወጣት መሐንዲስ ናት። ስሟን ነግራኛለች፤ ጆሮዬ አልያዘውም፣ ደግሜ መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። እንደማልሰማ ስታውቅ ወረቀት ስባ እየጻፈች ጠየቀችኝ።

"የመጀመሪያውን ሪፖርት ማን ፈረመ?"

"እኔ።"

"ሁለተኛውንስ?"

"እሱንም እኔ።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ቁም ሳጥን ከፍታ አንድ አቃፊ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከኦስትሪያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከስዊዘርላንድ የመጡ ደብዳቤዎች ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ ላይ የተሰጠው መልስ ተያይዟል። መልሱ ሁሉ አንድ ነው፤ "ከመዝጋትዎ በፊት በረዶውን በሚገባ ይጥረጉ" ይላል።

"ይህቺን ዐረፍተ ነገር መመሪያው ላይ ያስገባኋት እኔ ነኝ" አልኳት። "ሁለተኛውን ሪፖርት የፈረምኩ ቀን። ቢያንስ የሆነ ነገር አድርጌያለሁ ልል።"

ለአንቺም ያንኑ መልሼልሽ ነበር፤ ሃያኛዋ አንቺ ነሽ።

ልጅቷ አልቆጣችኝም። ወረቀቱ ላይ "የድሮው ሥዕል እጅዎ ላይ አለ?" ብላ ጻፈች። የአረብ ብረቱን መንጠቆ ሥዕል ጓዳ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በማግስቱ ወሰድኩላት። ከዚያ በኋላ በውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በጋው እንዲሁ አለፈ ልልሽ ነው፤ ሙቀቱ አለፈ፣ ወይኑ ተለቀመ፣ ማንም አልጠራኝም። ሴፕቴምበር ላይ ግን ከ2011 እስከ 2014 የተሠራ ጫማ ያለው ሁሉ መልሶ ያምጣ፣ መንጠቆው ይቀየርለታል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። የማን ጥፋት እንደሆነ ማስታወቂያው አይልም። የኦድሙንድ ስምም የለበትም።

የሚቀይር የሠለጠነ እጅ ስላነሳቸው አስጠሩኝ። በሳምንት ሦስት ጧት እሄዳለሁ። የድሮው ወንበሬ ተጥሏል፤ በአዲሱ ላይ እግሬ መሬት አይደርስም። ጫማውን ሞርሳ ላይ አስራለሁ፣ ሁለቱን ቡሎን እፈታለሁ፣ የድሮውን መንጠቆ አውጥቼ ባልዲ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ አዲሱን አስገብቼ አጠብቃለሁ። ባልዲው ሲሞላ ሌላ ይመጣል። አንዳንዱ ምንም አልሆነም። አንዳንዱ እንደ ኦድሙንድ ነው። እንደዚያ ያለው ሲመጣ ትንሽ ቁጭ ብዬ አርፋለሁ። ጣቶቼ ያብጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ቡና ቤት ካርታ የምጫወትበት ጠረጴዛ ላይ ሴቬሪኖ አብሮኝ አይቀመጥም። አንድ ቀን በሩ ላይ ተገናኘን።

"ጡረታህን ዝም ብለህ ብትበላ ምን ነበረበት?" አለኝ፤ ጮክ ብሎ፣ እንድሰማ።

"አልዋጥ አለኝ" አልኩት።

ሄደ። አርባ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። እሱም ያኔ ደክሞት ነበር ይሆናል።

ተራራ ትመለሻለሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ መብት የለኝም። ብቻ በምንም ጫማ ብትወጪ በሰላም ውረጂ።

ኦቶሪኖ


ሊንግሰይደት፣ ማርች 4 ቀን 2018

ለተከበሩ ለጋሼ ኦቶሪኖ፣

ይህ ወረቀት እርስዎንም እትዬ ብሩናንም በጤና ያግኛችሁ። የዘገየሁት እርስዎን ለመቅጣት አይደለም። ዲሴምበር ላይ ኦድሙንድ ለሁለተኛ ጊዜ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ከዚያ ፀሐይ የማትወጣበት ጨለማው ወር መጣ፤ ከዚያ እንዲሁ ሳልጽፍ ቀረሁ።

ኦድሙንድ አሁን በምርኩዝ ይሄዳል። ከዚህ በላይ አይሻልም ብለውናል። ጀልባው ተሸጧል። መረብ ይጠግናል፤ ገዢውን ሞተሩ ሲያስቸግረው ደግሞ እየመጣ ይጠራዋል፤ ሄዶ ይሳደባል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። ማኅበሩ የእርስዎን ግልባጭ አንብቦ ለእኔ ጽፎልኛል። አላጠፋሽም አላሉም፤ "ሁኔታው ታይቷል፤ ፈቃድሽን መልሰሽ መጠየቅ ትችያለሽ" ነው ያሉት። እስካሁን አልጠየቅኩም። አሣ መክተፊያው ውስጥ ነኝ፤ እጄ ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

ይቅርታ የሚለው ነገር ላይ ገና አልደረስኩም፣ ጋሼ። ልድረስ አልድረስ አላውቅም። ቢሆንም ይጻፉልኝ። ጣትዎ ሲያብጥ እትዬ ብሩና ይጻፉልኝ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ቁርስ ላይ ኦድሙንድ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ልሸኝሽ" አለኝ። የት ብዬ አልጠየቅኩትም። ሸርተቴዬን ከጓዳ ያወጣው ኢንግቫር ነበር፤ ተማክረዋል ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ያልነካሁት ዕቃ ነው፤ አቧራውን እንኳን ጠርገውልኛል።

ብቻዬን ወጣሁ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ሁለቴ ቁጭ አልኩ። ጫፍ ላይ ስደርስ መቀርቀሪያዬን ዘግቼ መነሣት አቃተኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ከታች፣ መንገዱ ዳር፣ መኪናችን እንደ ክብሪት ሳጥን ሆና ትታያለች። ሞተሩን እንዳላጠፋው ከጭሱ ያስታውቃል። ብርድ አይመታው ብዬ ተነሣሁ። ሌላ ጀግንነት አልነበረውም። እንደ አሮጊት በቀስታ፣ ጎን ለጎን እየሄድኩ ወረድኩ። ላዩ የጠነከረ፣ ሲረግጡት ግን የሚከዳ መጥፎ በረዶ ነበር። ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። እግሬ ግን ደህና ነው።

መኪናው ጋ ስደርስ ኦድሙንድ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጭሱ ነው አለኝ።

"በረዶው እንዴት ነበር?"

"መጥፎ። ከላይ ቅርፊት፣ ከታች ገንፎ።"

ትንሽ አሰበና "እንግዲያውስ የቀረብኝ ነገር የለማ" አለ።

እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅኩት። ከዚያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁለታችንም ማቆም አቃተን፤ በሩን ከፍቼ እስክገባ ድረስ፣ ከነሸርተቴ ጫማዬ፣ እንዲያው እየሳቅን። ቤት ስንደርስ ኢንግቫር ድንች ቀቅሎ ጠበቀን፤ በላን።

የአጎትዎ የልጅ ልጅ፣
ኦርኔላ